«ዓባይ ማደሪያ የለው» ሰውኛ ነው ወይስ ተለዋጭ? ስለ ዘይቤና ስለ ሥነ ጽሑፍ ቃላት የምታውቁ ኑ

ቀለሟ
ሰላም ለሁላችሁም። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዛሬ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ክፍላችን ተከፋፍሎ ሲከራከር ነበር። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው አባባል ዘይቤው ምንድን ነው ተባልን። ግማሹ ሰውኛ አለ፣ ግማሹ ተለዋጭ አለ፣ አንድ ልጅ ደግሞ ግነት ነው ብሎ ድርቅ አለ። ነገሩ ሳይለይለት ተደወለ።

የኔ ችግር ግን ከዚህም ይሰፋል። ትርጉሞቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። «እንደ» ካለበት ተነጻጻሪ፣ ከሌለበት ተለዋጭ፣ ግዑዙ ነገር ሰው ከሆነ ሰውኛ፣ ከተጋነነ ግነት። እንዲህ ብጠየቅ አንዱንም አልስትም። ግጥም ተሰጥቶኝ «በይ ፈልጊ» ስባል ግን ሁሉም ይደባለቅብኛል። ምጸት፣ አያዎ፣ እንቶኔ፣ ተምሳሌት፣ ንግር፣ ምልሰት፣ መቼት፣ ሴራ... ስማቸው ብቻ ነው የሚታወሰኝ። እባካችሁ መማሪያ መጽሐፉ ላይ ባሉት ሳይሆን በሌላ ምሳሌ አስረዱኝ።

መምህር ከደብረ ማርቆስ
ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ ልጄ። የክፍል ጓደኞችሽም ያለ ምክንያት አልተጣሉም።

ዓባይ ወንዝ ነው። ሲመሽ የት ልደር ብሎ የሚጨነቅ ሰው ነው፣ ወንዝ አይደለም። «ይዞ» የሚለውም የእጅ ሥራ ነው። ጎርፉ ግንዱን እየገፋው ይሄዳል፤ አባባሉ ግን ወንዙን እንደ መንገደኛ ጓዝ አስይዞ ያዞረዋል። ስለዚህ አባባሉን ለብቻው ካየሽው ሰውኛ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሲናገረው ስሚው። የራሱ ቤት ሳይኖረው ዕቃ እያንጠለጠለ ከቦታ ቦታ የሚንከራተት ሰው ሲያዩ ነው «ዓባይ ማደሪያ የለው» የሚሉት። ያን ጊዜ ማንም ስለ ወንዝ አያወራም። ዓባይ የተባለው ሰውየው ነው። «እንደ ዓባይ ነው» አልተባለም፣ ራሱን ዓባይ አደረጉት። ይሄ ተለዋጭ ነው። መጀመሪያ ወንዙ ሰው ሆነ፣ ቀጥሎ ሰውየው ወንዝ ሆነ። ሁለቱም ወገን ትክክል ያየ ለዚህ ነው። ደግሞም ሰውኛ ራሱ አንድ የተለዋጭ ዓይነት ነው፤ ግዑዙን ነገር በሰው ባሕርይ መለወጥ ነውና።

ግነት ያለው ልጅ ግን አልተሳካለትም። ዓባይ በክረምት ግንድ ይዞ መሄዱ እውነት ነው፣ የተጋነነ ነገር የለበትም።

አንድ ነገር ልምከርሽ። ስሙን አስቀድመሽ አትፈልጊ። መጀመሪያ «ይህ ስንኝ ምን አደረገኝ?» በይ። አሳዘነሽ? አሳቀሽ? ዓይንሽ ላይ ሥዕል ሳለ? ከዚያ ያንን ያደረገው የትኛው ቃል እንደሆነ ጣትሽን አስቀምጪበት። ስሙ በመጨረሻ ራሱ ይመጣል።

ቀለሟ
መምህር በጣም አመሰግናለሁ! «ወንዙ ሰው ሆነ፣ ሰውየው ወንዝ ሆነ» የሚለውን ነገ ክፍል ውስጥ እናገረዋለሁ። ግን ፈተና ላይ ሁለቱም አማራጭ ሆነው ቢመጡ የቱን ልምረጥ?

መምህር ከደብረ ማርቆስ
ጠባቡን ምረጪ። ሰውኛ የሚል ካለና ግዑዙ ነገር የሰው ሥራ እየሠራ ከሆነ ሰውኛ በይ።

ሰንበሌጥ
እኔ ደግሞ በእንቆቅልሽ ልግባ። እንቆቅልሽ እየተጫወተ ያደገ ሁሉ ተለዋጭ ዘይቤን ስሙን ሳይሰማ ተምሮታል። ይቺን አሁን ለምሳሌ ሠራኋት፦ «ነጫጭ በጎች ማታ ተሰማርተው ያድራሉ፣ ሲነጋ አንዱም የለም።» መልሱ ከዋክብት ነው። ተለዋጭ ዘይቤ ሁለት ወገን አለው፤ የሚነገርለት ነገርና የተመሰለበት ነገር። እንቆቅልሽ የሚነገርለትን ደብቆ የተመሰለበትን ብቻ ይሰጥሻል። ካላወቅሽው አገር ትሰጫለሽ።

አሁን እነዚሁኑ ከዋክብት ይዘሽ አንድ በአንድ ለውጫቸው።

ተነጻጻሪ፦ ከዋክብቱ እንደ በግ መንጋ ተበትነዋል።
ተለዋጭ፦ የሰማዩ በጎች ተሰማሩ።
ሰውኛ፦ ከዋክብቱ ቁልቁል እያዩን ይጠቃቀሳሉ።
እንቶኔ፦ እናንተ ከዋክብት፣ ልጄን ያለችበት አይታችኋት ይሆን?
ግነት፦ ከዋክብቱ ከመብዛታቸው ሰማዩ ጎበጠ።

ነገሩ ያው ነው፣ አነጋገሩ ግን ስሜቱን ቀየረው። «ይጠቃቀሳሉ» ሲባል የሆነ ነገር የሚደብቁብሽ ይመስልሻል። «ልጄን አይታችኋት ይሆን» ሲባል ሆድሽን ያባባሻል። ይህን በአንድ ቀን በሦስት በአራት ነገር ላይ ሞክሪው፤ በጨረቃ፣ በመንገድ፣ በጀበና። ትርጉም ከመሸምደድ በጣም ይሻላል።

መንገደኛው
ሰንበሌጥ ያልሽው ጥሩ ነው፤ «እንደ» ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፣ ብዙ ተማሪ የሚወድቅባት ጉድጓድ እሷ ናትና። «እንደ ነገርኩሽ ነገ እመጣለሁ» ውስጥ «እንደ» አለ፣ ዘይቤ ግን የለም። «እንደ እናቷ ነርስ ናት» ማለትም ዘይቤ አይደለም፤ እናትየዋም ልጅየዋም በእርግጥ ነርስ ናቸው። ተነጻጻሪ ዘይቤ የሚሆነው ዘራቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች በአንድ ባሕርይ ሲገናኙ ነው፤ ሰው ከድንጋይ፣ ቃል ከማር፣ ዕድሜ ከጤዛ።

በተቃራኒው ደግሞ «እንደ» ሳይኖርም ተነጻጻሪ ይኖራል። «ልቡ ድንጋይ ይመስላል»፣ «ቃሏ ከማር ይጣፍጣል»፣ «የዝሆን ያህል ከበደኝ»። ማነጻጸሩ በግልጽ ስለተነገረ ሁሉም ተነጻጻሪ ናቸው። የመጨረሻው ደግሞ ግነትም አለበት፤ ሁለት ዘይቤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኝ አትደንግጪ።

ቀለሟ
«እንደ» ካለ ተነጻጻሪ ነው ብለን ነው ሁላችንም የያዝነው 😳 እና እንቶኔ ከሰውኛ በምን ይለያል? ሁለቱም ግዑዙን ሰው ያደርጉታል አይደል?

መንገደኛው
ሰውኛ *ስለ* ነገሩ ያወራል። እንቶኔ ነገሩን *ራሱን* ያናግረዋል። «ሞት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል» ሰውኛ ነው። «ሞት ሆይ፣ መውጊያህ የት አለ?» ግን እንቶኔ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያለ ነው፣ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15። እንቶኔ የግድ ግዑዝ ነገርም አይፈልግም። አልቃሽ ሬሳው ፊት ቆማ «አንተ ጀግና፣ ለማን ጥለኸኝ ሄድክ?» ስትል ሊመልስላት የማይችለውን ሰው እያናገረች ነው፤ እሱም እንቶኔ ነው። ሙሾ በዚህ የተሞላ ነው።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ናችሁ። ልጆቼ የተወለዱት እዚህ አሜሪካ ነው። እነዚህን ቃላት ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ይማሯቸዋል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በአማርኛ ሲነገሩ ይሰሟቸዋል፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ግን አያውቁም። ትንሹ ልጄ ብርጭቆ ሲሰብር አያቱ «እሰይ! አበጀህ! እደግ ተመንደግ!» አለችው። ልጁ ደስ ብሎት ፈገግ አለ። እውነት የተመረቀ መስሎታል። ታላቅ እህቱ ናት በኋላ «ተቆጥታህ እኮ ነው» ያለችው። ይሄ ምጸት ነው አይደል? ታዲያ ከሽሙጥ በምን ይለያል?

መምህር ከደብረ ማርቆስ
አዎ እህቴ፣ ምጸት ነው። አፍ አንድ ይላል፣ ልብ ተቃራኒውን ያስባል። ልጁ ያልገባው ድምፁን መለየት ስላልቻለ ነው። ምጸት ሲነገር ቃና ይረዳዋል፣ ሲጻፍ ግን ያ ድምፅ የለም። ጸሐፊው አካባቢውን ማዘጋጀት አለበት፤ ብርጭቆው መሰበሩን ካልነገረን ምርቃቱን ምርቃት አድርገን እናነበዋለን። በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ ውስጥ ትእምርተ ሥላቅ የሚባል ምልክት አለ፤ የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ይመስላል፣ እንዲህ ¡። ዛሬ በተራ ጽሑፍ ላይ ብዙም አይታይም። በዚህ ዘመን በስልክ ለምንጻጻፍ ሰዎች ግን እንዴት በጠቀመን ነበር!

ሽሙጥ የሚለየው ሰው ለመንካት ስለሚነገር ነው። ምጸት ሰው ሳይነካም ሊኖር ይችላል፤ ዕድል ራሱ ምጸታዊ ሊሆን ይችላል። ዋናተኛ ሆኖ ኖሮ ጉልበቱን በማትደርስ ውኃ የሰጠመ ሰው ታሪክ ምጸት አለበት፣ ማንም ማንንም ሳይሸሙጥ። አግቦ ደግሞ ሌላ ነው። አንዱን እያናገሩ ሌላውን መንካት ነው፤ ለልጅ እየተናገሩ ጎረቤት እንዲሰማ ማድረግ። አግቦ ከትምህርት ቤት የዘይቤ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገባም፣ በልብ ወለድ ንግግር ውስጥ ግን ሞልቷል። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ደራሲው የሚጠቀመው እሱን ነው።

ጣና ዳር
ንግር፣ ምልሰት፣ ሴራ፣ መቼት ያልሻቸውን እኔ ልሞክር። ሁላችንም በምናውቀው ታሪክ ልጠቀም፦ በዮሴፍ ታሪክ፣ በኦሪት ዘፍጥረት ከምዕራፍ 37 ጀምሮ ባለው። የሃይማኖት ትምህርት ልሰጥ አይደለም። የታሪኩ አሠራር ለዚህ በጣም ስለሚመች ነው።

ዮሴፍ ልጅ ሳለ ሕልም ያያል። የወንድሞቹ ነዶዎች ለሱ ነዶ ይሰግዳሉ። ደግሞ ሌላ ሕልም፦ ፀሐይ፣ ጨረቃና 11 ከዋክብት ይሰግዱለታል። ይሄ ንግር ነው። ኋላ የሚሆነው ገና ከመጀመሪያው ጫፉ ታየ። ወንድሞቹ በግብፅ ፊቱ በግንባራቸው ሲደፉ ሕልሙ ትዝ ይለናል።

ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ሲመጡ ዮሴፍ ያውቃቸዋል፣ እነሱ ግን አያውቁትም። እኛ አንባቢዎቹ እናውቃለን። ይህም አንድ የምጸት ዓይነት ነው፤ ገፀ ባሕርዩ የማያውቀውን አንባቢ ሲያውቅ የሚፈጠር። እያንዳንዷ የሚናገሯት ቃል ለነሱ ሌላ፣ ለእኛ ሌላ ትሆናለች። «አንዱ የለም» ይላሉ ስለ ወንድማቸው፣ እሱ ግን ፊታቸው ቆሟል! ብርማ ጽዋው በብንያም ጆንያ ውስጥ ሲገኝ ደግሞ ልብ ሰቀላ አለ፦ ብንያምን ያስቀረዋል? ይሁዳ ምን ይል ይሆን? አባትየውስ ይህን ሲሰማ ይተርፋል?

መቼት መቼና የት ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ጌጥ አይደለም። ረሃቡ ባይኖር ወንድማማቾቹ አይገናኙም ነበር። ጊዜውና ቦታው ታሪኩን ወደፊት ይገፋዋል። የልብ ወለድ መቼት ስትተነትኚ «ቦታው ገጠር ነው» ብለሽ አታቁሚ። ይህ ታሪክ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ይቀርበት ነበር? እሱን ጠይቂ።

ሴራ (አንዳንዱ መጽሐፍ ትልም ይለዋል፣ አትደናገሪ) የድርጊቶች የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነው። አባትየው አብልጦ ወደደው፣ ስለዚህ ቀኑበት፣ ስለዚህ ሸጡት፣ በመሸጡም ግብፅ ደረሰ፣ ግብፅ በመድረሱ ከረሃቡ አዳናቸው። አንዱን ብትነቅይው ቀጣዩ ይወድቃል።

ምልሰት ግን እዚህ ብዙ የለም፣ ታሪኩ ከሞላ ጎደል በጊዜ ቅደም ተከተሉ ይሄዳል። አንድ የዛሬ ደራሲ ቢጽፈው ምናልባት ወንድሞቹ በገዢው ፊት ከቆሙበት ይጀምርና ገዢው ፊታቸውን ሲያይ ወደ ጉድጓዱ ይመልሰን ነበር። ያ ምልሰት ይሆን ነበር።

የድሬ ልጅ
አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ጣና ዳር፣ ዮሴፍን ስላነሣህ ደስ ብሎኛል። ተምሳሌት ሳትነካ ስላለፍክ እኔ ልቀጥልበት።

በቁርኣን 12ኛው ምዕራፍ፣ ሱረቱ ዩሱፍ፣ የነቢዩ ዩሱፍ ዐለይሂ ሰላም ቀሚስ ሦስት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ወንድሞቹ የሐሰት ደም ቀብተው ለአባታቸው ያመጡታል፤ ቀሚሱ ውሸት ይናገራል። ሁለተኛ የግብፃዊው ጌታው ሚስት ሲሸሻት ተከትላ ከኋላው ትቀደዋለች፤ ከፊት ሳይሆን ከኋላ በመቀደዱ ንጽሕናው ይታወቃል። አሁን ቀሚሱ እውነት መሰከረ። ሦስተኛ በመጨረሻ ቀሚሱን ለአባቱ ይልክለታል፣ ፊቱ ላይ ሲጥሉት በልቅሶ የጠፋው የያዕቆብ ዓይን ይበራል። ያ በውሸት ያስለቀሰው ነገር አሁን ፈወሰው።

አንድ ዕቃ በአንድ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ሲመጣና በመጣ ቁጥር ትርጉሙ ሲሰፋ ተራ ዕቃነቱ ይቀራል። ተምሳሌት እንዲህ ነው የሚፈጠረው። ተማሪዎች «ቀይ ቀለም የደም ተምሳሌት፣ ርግብ የሰላም ተምሳሌት» እያሉ ከውጭ ያመጡታል። እንዲያም ያለ አለ፣ ባህል የሰጠን። ጥሩ ደራሲ ግን ተምሳሌቱን ራሱ ታሪኩ ውስጥ ይሠራዋል። አንቺ የምትጠይቂው «ይሄ ነገር ስንት ጊዜ መጣ? በመጣ ቁጥር ምን ተለወጠ?» የሚለውን ነው።

ጣና ዳር
ግሩም! በኦሪቱም እኮ ልብሱ እንዲሁ ይከተለዋል። ወንድሞቹ ቀሚሱን ገፈፉት፣ በፍየል ደም ነከሩት። የጲጥፋራ ሚስት ልብሱን ይዛ አስቀረችና ከሰሰችው። ከእስር ሲወጣ ልብሱን ለወጠ፣ ፈርዖንም የተልባ እግር ልብስ አለበሰው። በተዋረደ ቁጥር ልብሱን ያጣል፣ ሲከብር ይለብሳል። ልዩነቱም ደስ ይላል፦ በኦሪቱ በሴትየዋ እጅ የቀረው ልብስ በሐሰት ይመሰክርበታል፣ በቁርኣን የተቀደደው ቀሚስ ግን ነፃ ያወጣዋል።

ቀለሟ
ይሄን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ ልብሱን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም። አያዎስ? እና ሰምና ወርቅ ከተለዋጭ በምን ይለያል? እሱንም ብዙ ጊዜ እንምታታለን።

የቅኔ ቤት ልጅ
አያዎን በአጭሩ፦ አይና አዎ አንድ ላይ። ላይ ላዩን ሲያዩት የሚጋጭ፣ ሲያስቡት እውነት የሆነ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» እንቁላል እግር የለውም፣ አይሆንም ትያለሽ። ጫጩት ሲሆን ግን ይሄዳል። አንዳንዴ በሁለት ቃልም ያልቃል፣ ለምሳሌ «ሕያው ሙት»።

ሰምና ወርቅ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርጽ ይሠራል፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፣ ከዚያ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። በቅኔም ሰሙ መጀመሪያ የሚሰማው ትርጉም ነው፣ ወርቁ ውስጥ ያለው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል።

አንድ ስንኝ ሠራሁልሽ፦

ጠጁን ቀዳሁለት ምግቡንም አልበላ፣
ምን አጥቶ ከቤቴ ያ ወዳጄ ጠላ?

ሰሙ፦ ጠጁንም ምግቡንም አልነካም፣ ለካ የፈለገው ጠላ ነው፤ እሱን አጥቶ ነው። ወርቁ፦ ሁሉን አቅርቤለት ሳለ ወዳጄ ምን ጎደለበትና ጠላኝ? ኅብረ ቃሉ «ጠላ» ነው። ድምፁ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት።

በተለዋጭ አንድ ነገር በሌላ ነገር ይመሰላል፤ ከዋክብት በበግ። በሰምና ወርቅ ግን ጠላና ጥላቻ አይመሳሰሉም፣ ያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው። ይህ አንዱ መለያ ነው። በግእዝ ቅኔ ግን ነገሩ ይጠልቃል፤ እዚያ ሰሙና ወርቁ በምሳሌ ጎን ለጎን ተሰናስለው የሚሄዱበት መንገድም አለ። እና አደራ፣ ባለ ሁለት ትርጉም ስንኝ ሁሉ ቅኔ ተብሎ እንዳይጠራ። ቅኔ በግእዝ የራሱ ሥርዓት አለው። ከዓይነቶቹ ጉባኤ ቃና 2 ቤት (ስንኝ) ነው፣ ሚበዝኁ 3፣ ዋዜማ 5፣ ሥላሴ 6፣ መወድስ 8። ተማሪው በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል (ይደርሳል)፣ የትናንቱን አይደግምም። የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዋድላ ቅኔ ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚታወቁበት መንገድ አላቸው። ይሄ ሁሉ ድካም «ሁለት ትርጉም ያለው ቀልድ» ተብሎ ሲታለፍ ያሳዝነኛል።

ስንኝ ቆጣሪ
የቅኔ ቤት ልጅ፣ ስንኝህ በየግማሹ 6 ቀለም (6/6) ሆኖ ልክ መጥቷል፣ ወል ቤት ነው። ቀለሟ፣ ዘይቤ ላይ ብቻ እንዳትቀሪ፤ ግጥም በጆሮ ነው የሚገባው።

ቀለም ስትቆጥሪ ፊደል አትቁጠሪ፣ ድምፅ ቁጠሪ። ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከፊቱ ካለው ጋር ተውጦ ይሄዳል። «ክረምቱ» አራት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን ክ-ረም-ቱ፣ ሦስት። እንዲህ አድርገሽ ይህን ቁጠሪ፦

ክረምቱ ሄደና / አበባው ፈነዳ፣
አንቺን ስጠብቅሽ / ዓይኔ ዋለ ሜዳ።

እያንዳንዱ ግማሽ ሐረግ ነው፣ ሙሉው መስመር ስንኝ። ሐረጉ 6 ቀለም ነው፣ ቤት የሚመታው «ዳ» ላይ። 4/4 ደግሞ የቡሄ ልጆች ምት ነው፦ «እዚያ ማዶ / ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ / ይደግሳል»። ስሙም «ቡሄ በሉ» ነው። 5/5 ሰንጎ መገን ይባላል። 8/8 በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም «የፀጋዬ ቤት» ተብሏል። አጭሩ ምት ያስጨፍራል፣ ረጅሙ ያስተክዛል። ገጣሚ ምቱን የሚመርጠው በስሜቱ ነው፤ ትንታኔ ስትጽፊ ይህንንም ጥቀሺ፣ ብዙ ተማሪ አይነካውም።

እናት ከሲልቨር ስፕሪንግ
ስለ ቀለም ቆጠራው ስንኝ ቆጣሪን አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ለልጆቹ በጭብጨባ ላሳያቸው ነው፣ በአንድ ቀለም አንድ ጭብጨባ።

ቀለሟ
አሁን እኔ ልሞክር፣ አርሙኝ። አያቴ የምትለው የአፄ ቴዎድሮስ ሙሾ አለ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

እንደ መከራችሁኝ መጀመሪያ ምን አደረገኝ አልኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ሰውነቴን ነዘረኝ። ያደረገው ቃል «አንድ» ይመስለኛል። በዚያ ሁሉ ጩኸት ወንድ የሞተው አንድ ብቻ ነው ማለቱ ግነት ነው፤ ጦርነት ነበር፣ ብዙ ሰው ሞቷል። ትክክል ነኝ?

መምህር ከደብረ ማርቆስ
ጎበዝ! መንገዱ ልክ ነው። ግነት መሆኑን እቀበላለሁ። ግን እዚያ አትቁሚ። «ወንድ» እዚህ ጾታ ብቻ ነው?

መንገደኛው
አይደለም። ወንድ ማለት ጀግና ነው። እንዲያ ከሆነ ሙሾው ሌሎቹን ወንዶች ከወንድነት ሰረዛቸው ማለት ነው። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ የንጉሡ ሠራዊት በብዛት ከድቶ፣ ተበትኖ ነበር። እንግሊዞች ሲገቡ ንጉሡ እጅ ከመስጠት ራሱን ገደለ። አልቃሹ እነዚያን የከዱትን ስማቸውን ሳይጠራ ነካቸው። ለኔ ይሄ ግነት ብቻ አይደለም፣ አግቦ ነው፤ ሬሳውን እያለቀሰ በሕይወት ያሉትን ይሰድባል።

የቅኔ ቤት ልጅ
እኔ ግን ግነት መባሉ ላይ አልስማማም። ግነት ነገሩን ከልኩ በላይ ያሳድጋል። እዚህ አልቃሹ ያሳነሰ ነው የሚመስለው። ንጉሥ አላለም፣ አንበሳ አላለም፣ መይሳው አላለም። «አንድ ሰው» አለ። ቃሉን ከልኩ በታች አውርዶ ነው ሐዘኑን የሰቀለው። ለንጉሥ ሙሾ ማዕረግ ይደረደራል፤ እዚህ ማዕረጉን ሁሉ አራግፎ ሰውነቱን ብቻ አስቀረ።

ስንኝ ቆጣሪ
ምቱም ያንተን ያግዛል። «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» ውስጥ ወንድ፣ አንድ፣ ሰው እያሉ አጫጭር ቃላት ተደርድረዋል። ሲያነቡት ያቆማል፣ በየቃሉ ላይ ይረግጣል። የመጀመሪያው መስመር ግን «በረከተ» ብሎ ይፈስሳል፣ እንደ ጩኸቱ።

ቀለሟ
እንግዲህ ግነት ነው፣ አግቦ ነው፣ ማሳነስ ነው፣ ምቱም አለ... መምህራችን አንድ መልስ ጻፊ ቢሉኝ የቱን ልጻፍ?

መምህር ከደብረ ማርቆስ
የምታስረጂበትን። «ግነት ነው» ብለሽ ካቆምሽ ትንሽ ነጥብ ነው የምታገኚው። «በጦርነቱ ብዙ ሰው እያለቀ ወንድ አንድ ብቻ ሞተ በማለቱ ያጋንናል፣ በዚህም ንጉሡን ከፍ አድርጎ የከዱትን ይነቅፋል» ካልሽ ተንትነሻል። የቅኔ ቤት ልጅ ያለውንም በዚያው መንገድ ብትጽፊው እኔ ብሆን ሙሉ ነጥብ እሰጥሻለሁ። ለኔ ከሁሉም የጠነከረው የሱ ነው። መንገደኛው ያለውን አግቦ ግን ከመጻፍሽ በፊት አያትሽን ጠይቂያት፤ እሷ ስትለው ድምፅዋ የት ላይ እንደሚከብድ ስሚ፣ «ወንድ» ላይ ነው ወይስ «አንድ» ላይ?

ቀለሟ
ጠየቅኳት። «የሴቱን አናውቅም» ላይ ነው የምታከብደው። «ሴቶቹም እኮ አልቀዋል፣ ማንም አልቆጠራቸውም» አለችኝ።

የድሬ ልጅ
አላህ ዕድሜ ይስጣት። ያንን ሐረግ ማናችንም አልነካነውም ነበር። ቀለሟ፣ አያትሽ ያለችውን እንደ ሌላ ንባብ ጻፊው። አንደኛው ንባብ «ሴት የተባሉት የከዱት ወንዶች ናቸው» የሚለው ስድብ ነው። የአያትሽ ደግሞ ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል፤ ስማቸው ሳይነገር ያለቁ ሴቶች። ሁለቱም በዚያው በሁለት ቃል ውስጥ አሉ።